ማሪ ደ ላንካርናሲዮን በኩቤክ፦ ስለ ሚስዮናዊቷ መነኩሲት ኑሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቅድስት ማሪ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ራእይዋና ስለ ጸሎቷ ነው። ጠያቂዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ግን ሌላውን ነው፦ ምን ትበላ ነበር? በምን ትሞቅ ነበር? ልጇን ለማን ትታ ሄደች? ያስተማረቻቸው ልጃገረዶችስ ምን ሆኑ? ደግነቱ ይህን ሁሉ እሷው ራሷ በደብዳቤዎቿ ጽፋዋለች። ከታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪ ደ ላንካርናሲዮን ማን ናት?

ኦክቶበር 28 ቀን 1599 በፈረንሳይ፣ በቱር ከተማ፣ ከዳቦ ጋጋሪ ቤት ተወለደች። የዓለም ስሟ ማሪ ጊያር ነው። በ17 ዓመቷ ለአንድ ሐር ሠሪ ተዳረች፤ በ1619 ወንድ ልጅ ወለደች፤ በዚያው ዓመት ባሏ ሞተባት። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት ባሏ የሞተባት የልጅ እናት ሆነች። ከዚያ በኋላ የእህቷ ባል ዘንድ ገባች። ሰውየው በጋሪና በፈረስ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። መጀመሪያ ወጥ ቤት ነበረች፤ ኋላ ግን ፈረሶቹን፣ ሠራተኞቹንና ሒሳቡን ሁሉ የምታስተዳድረው እሷ ሆነች። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ኩቤክ (ዛሬ በካናዳ ያለች ከተማ፣ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት) ላይ ገዳም ስታሠራ፣ ከአናጢና ከግንበኛ ጋር ስትዋዋል፣ ዕዳ ስትከፍል ያገዛት የጋሪ ንግዱ ትምህርት ነው።

በ1631 ወደ ኡርሱሊን ገዳም ገባች። ኡርሱሊኖች በ1535 በጣሊያን፣ በብሬሻ ከተማ፣ በቅድስት አንጄላ ሜሪቺ የተመሠረተ ማኅበር ተከታዮች ሲሆኑ ዋና ሥራቸው ልጃገረዶችን ማስተማር ነው። «ደ ላንካርናሲዮን» የምንኩስና ስሟ ነው፤ በእኛ አነጋገር «ዘምስጢረ ሥጋዌ» እንደማለት ነው።

ልጅ እያላት እንዴት መነኮሰች? ልጁስ ምን ሆነ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ አስቸጋሪነቱን መሸፋፈንም አያስፈልግም። ገዳም ስትገባ ልጇ ክሎድ ማርታን 11 ዓመቱ ነበር። ከመግባቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ከቤት ጠፋ፤ ከሦስት ቀን ፍለጋ በኋላ ብሉዋ በምትባል ከተማ የጀልባ ወደብ ላይ ተገኘ። ከገባችም በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ገዳሙ በር ድረስ እየመጣ «እናቴን መልሱልኝ» እያለ ይጮኽ ነበር። እሷ ከውስጥ ትሰማዋለች። ለእህቷ አደራ ሰጥታው ነበር የገባችው።

ክሎድ አድጎ በ1641 የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ ሆነ። እናቱ ያን ጊዜ ኩቤክ ነበረች። ዳግመኛ በዓይነ ሥጋ አልተያዩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ግን ተጻጻፉ። ትተሽኝ ሄድሽ ብሎ ሲወቅሳት፣ ልትወቅሰኝ ይገባሃል ብላ መልሳለታለች። የሕይወት ታሪኳን በ1677፣ ደብዳቤዎቿን በ1681 ያሳተመውም ይኸው ልጇ ነው። ዛሬ ስለ እሷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በእሱ እጅ ያለፈ ነው።

ወደ ኩቤክ እንዴት ሄደች? ወጪውን ማን ቻለ?

ገንዘቡን የሰጠችው ማዳም ደ ላ ፔልትሪ የምትባል ሀብታም መበለት ናት። ሜይ 4 ቀን 1639 «ሳን ጆዜፍ» በተባለች መርከብ ከዲዬፕ ወደብ ተነሡ። ሦስት ኡርሱሊኖች፣ ሆስፒታል የሚያቋቁሙ ሦስት የአውግስጢኖስ ደናግል፣ ማዳም ደ ላ ፔልትሪና ኢየሱሳውያን ካህናት ነበሩበት። መንገዱ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው አለቀ። መሐል ባሕር ላይ በጭጋግ ውስጥ ከበረዶ ተራራ ጋር ሊጋጩ ለጥቂት ተርፈዋል። ታዱሳክ የሚባለው የወንዝ ወደብ ሲደርሱ ወደ ትንሽ ጀልባ ተዛወሩና በሳን ሎራን ወንዝ ሽቅብ ተጉዘው ኦገስት 1 ቀን ኩቤክ ገቡ። ያን ጊዜ ቅኝ ግዛቱ በጠቅላላው የነበሩት ፈረንሳውያን ከጥቂት መቶ አይበልጡም።

ማዳም ደ ላ ፔልትሪ ለገዳሙ በዓመት 900 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) የሚያስገኝ ገቢ መድባ ነበር። ያ ገንዘብ ለሦስት ሰው እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነው። በ1642 ደግሞ አዲስ ወደምትቆረቆረው ሞንትሪያል ልሂድ ብላ ዕቃዋን ሁሉ ጭና ሄደች። ሕንፃው ገና በግንባታ ላይ ነበር። ልጆቹን ጣውላ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው አስተኟቸው፤ ለመልበሻ የአውሬ ቆዳ ከመጋዘን ተዋሱ። ሴትዮዋ ከዓመት ተኩል በኋላ ተመልሳ በ1671 እስክትሞት ድረስ አብራቸው ኖራለች። ከዚህ የምንረዳው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፦ የሚስዮን ቤት በአንድ ለጋሽ ላይ ሲንጠለጠል የለጋሹ ሐሳብ በተቀየረ ቁጥር ሊጡ ሁሉ ይፈስሳል። ማሪ ከዚያ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ለብዙ ሰዎች እየጻፈች ርዳታ የምትጠይቀው ለዚህ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት ምን ይመስል ነበር?

ወንዙ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ጎጆ ነበረች። አንደኛው ክፍል በየጎኑ 16 ጫማ፣ ማለትም 5 ሜትር ከትንሽ ነው። ጸሎት ቤቱም፣ መኝታውም፣ ምግብ ቤቱም፣ እንግዳ መቀበያውም እሱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ወጥ ቤትና ትምህርት ቤት ሆነ። አልጋ መዘርጊያ ቦታ ስላልነበረ አልጋዎቹን እንደ መደርደሪያ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው በመሰላል ይወጡ ነበር። በጣሪያው ስንጥቅ ሌሊት ከዋክብት ይታያሉ፤ በነፋሱ ምክንያት ሻማ አብርቶ ማቆየት ጭንቅ ነበር። ግቢውን ያጠሩት በእንጨት ካስማ ነው። ለመነኩሲቶቹ ያ አጥር ትልቅ ነገር ነው፤ ሥርዓታቸው ከቅጥሩ ውጭ እንዲወጡ አይፈቅድም።

ያው የመጀመሪያው ክረምት ፈንጣጣ ገባ። ቤቱ ሆስፒታል ሆነ። ይዘውት የመጡት ጨርቃ ጨርቅ ሁሉ በቁስል መሸፈኛ አለቀ፤ በመጨረሻ ራሳቸውን የሚከናነቡበትን ነጭ ጨርቅ ሳይቀር ቀደዱት። ከልጆቹም የሞቱ አሉ።

ብርዱን እንዴት ቻሉት?

ኩቤክ ላይ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ ወንዙ የሚጋገርበት፣ መርከብ ከኖቬምበር እስከ ሜይ የማይገባበት የበረዶ ወራት ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 1642 ወደ ድንጋይ ቤት ገቡ። ማሪ ልኩን ጽፋዋለች፦ ርዝመቱ 92 ጫማ፣ ወርዱ 28 ጫማ። የፈረንሳይ ጫማ 32.5 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ወደ 30 በ9 ሜትር ይሆናል። ይህን ቤት ለማሞቅ አራት የእሳት ምድጃዎች በዓመት 175 ኮርድ የማገዶ እንጨት ይጨርሱ ነበር። ኮርድ በሰሜን አሜሪካ ዛሬም የማገዶ መለኪያ ነው፤ አንዱ 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ600 ሜትር ኩብ በላይ እንጨት መቁረጥ፣ መፍለጥ፣ ማጓጓዝና መከመር በየዓመቱ ይጠበቅባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ነድዶም አይበቃም። የክፍሎቹ ግድግዳ የጥድ ጣውላ ብቻ ነው። አልጋቸው እንደ ቁም ሣጥን የሚዘጋ የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ውስጡን ብርድ ልብስ ቢለብጡትም ሙቀት በጭንቅ ነው የሚገኘው። በበረዶው ወራት ሳይሞቁ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ጽፋለች፤ ያውም እጅን ደብቆና ተሸፋፍኖ ነው።

ምን ይበሉ ነበር? እንግዳስ በምን ይስተናገዳል?

ዳቦ፣ አተር፣ በቆሎ፣ የአሳማ ጮማ፣ ዓሣ። የአገሬው ዋና ምግብ ሳጋሚቴ የሚባል የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ ሲገኝ የሚጨመርበት። አልጎንኩዊንና ኢኑ የሚባሉት የአገሬው ሕዝቦች ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ሳያበሉ መስደድ ትልቅ ነውር ነበር፤ ይህንን የእኛ አገር ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ማሪ ከስልሳ እስከ ሰማንያ ሰው የሚበቃ ድግስ እንዴት እንደሚሠራ በ1640 ደብዳቤዋ ዘርዝራለች፦

አንድ ቡዋሶ (ወደ 13 ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ) የደረቀ ጥቁር ፕሪም፣ እያንዳንዱ ስድስት ሊቭር የሚመዝን አራት ዳቦ (ሊቭር እዚህ ላይ የክብደት መለኪያ ነው፤ አንዱ ዳቦ 3 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል)፣ አራት መስፈሪያ የአተር ወይም የበቆሎ ዱቄት፣ ቀልጠው የተጨመሩ አሥራ ሁለት የሞራ ሻማዎች፣ ሁለት ወይም ሦስት ሊቭር የአሳማ ጮማ።

ሻማው ብዙ አንባቢ ያስደነግጣል። ሻማው ግን የንብ ሰም ሳይሆን የከብት ሞራ ነው። እንግዶቹ በብርድ አገር የሚኖሩ አዳኞች ናቸው፤ ስብ የሌለው ምግብ ምግብ አይባልም። እሷም የፈረንሳይ ወጥ አሠራሯን ትታ በእነሱ ጣዕም አበሰለች።

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነበር ብሎ ማሰብ አይገባም። ልጆችና ትልልቆች በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው ስለሚኖሩ ድስቱ ውስጥ በየቀኑ ፀጉርና ከሰል፣ አንዳንዴም ጫማ ይገኝ እንደነበር ጽፋለች። አዲስ የመጡ ልጆች ገላቸው ከብርድ እንዲከላከል በስብ የተቀባ ነው፤ ያን አጥቦ ማስለቀቅ የብዙ ቀን ሥራ ነበር፤ እህቶቹም ለዚህ ሥራ ይሽቀዳደሙ ነበር።

ገዳሙ በ1650 ለምን ተቃጠለ?

ከዲሴምበር 30 ለ31 አጥቢያ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ እህት ሊጥ አቡክታ ነበር። በዚያ ብርድ ሊጥ ኩፍ ማለቱ ቀርቶ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ፍም በዕቃ አድርጋ ቡሃቃው ውስጥ አስቀመጠች፣ ከደነችውም፤ ከመተኛቷ በፊት ልታወጣው አስባ ነበር፣ ረሳችው። ቡሃቃው ጥድ ነው። ወለሉም፣ ግድግዳውም ጥድ ነው። ጥድ ሙጫ አለው፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም። እኩለ ሌሊት ገደማ ሲነቁ እሳቱ ከታች ወደ መኝታው እየወጣ ነበር።

ልጆቹን ተሸክመው አወጡ። ማሪ የገዳሙን ወረቀቶች በመስኮት ወረወረች፤ ስለ መንፈሳዊ ሕይወቷ የጻፈችውን እጇ ላይ ከያዘች በኋላ እዚያው ተወችው፣ ተቃጠለ። በሌሊት ልብስ፣ ባዶ እግራቸውን በረዶ ላይ ቆመው ቤታቸው ሲነድ አዩ። ሰው አልሞተም። የሆስፒታሉ ደናግል ሦስት ሳምንት አስጠጓቸው፤ ከዚያ በማዳም ደ ላ ፔልትሪ ትንሽ ቤት ተጨናንቀው ሜይ 1652 ድረስ ኖሩ። በብድር የተሠራው አዲሱ ገዳም በአሮጌው መሠረት ላይ ነው የቆመው።

ቋንቋዎቹን እንዴት ተማረች?

በ40 ዓመቷ ነው የጀመረችው። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ጥናት ይዛ አታውቅም ነበር። መምህሯ አባ ፖል ለ ጀን የሚባሉ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ቃላቱንና ግሦቹን ስታጠና ራሷ ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስላት እንደነበር ጽፋለች። መጀመሪያ አልጎንኩዊንና ኢኑ፣ ከዚያ ሁሮን የሚባለውን የዌንዳት ቋንቋ፣ በመጨረሻም ኢሮኩዋ ተማረች። ዌንዳትን የያዘችው በ50 ዓመቷ ነው፤ በ1649 በኢሮኩዋ ጦርነት አገራቸው የጠፋባቸው የዌንዳት ስደተኞች ኩቤክ ስለመጡ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ቋንቋዎች በአንድ ግሥ ውስጥ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና ሁኔታውን ጠቅልለው መያዛቸው ነው። አማርኛ ተናጋሪ «አልነገራችሁኝም» በሚል አንድ ቃል ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ቢያስብ ጥቂት ይገባዋል፤ የእነሱ ግን ከዚህም ይረዝማል። ማሪ በስተርጅናዋ ለወጣት እህቶች መማሪያ መዝገበ ቃላት፣ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍና ትልቅ የቅዱስ ታሪክ መጽሐፍ በእጇ ጽፋለች። አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

ያስተማረቻቸው ልጆች ምን ሆኑ? ሚስዮኑ ተሳካ?

ፈረንሳውያን ልጃገረዶች ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብ፣ ስፌትና ትምህርተ ክርስቶስ ይማሩ ነበር። ወላጆች ጥሬ ገንዘብ ስለማይገኝ ክፍያውን በማገዶ፣ በቅቤ፣ በአተር ወይም በአሳማ ይከፍሉ ነበር። ይኸኛው ሥራ ሠመረ።

የቀደምት ሕዝቦች ልጆች ጉዳይ ሌላ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት «ፈረንሳዊ አድርጓቸው» ይል ነበር። ማሪ በ1668 የጻፈችው ግልጽ ነው፦ በእጃችን ካለፉት መቶ ልጆች መካከል ፈረንሳዊት ያደረግነው አንዲት እንኳ በጭንቅ ነው። ምክንያቱንም ትነግረናለች። ልጆቹ ዝግ ግቢ ውስጥ ሲቀመጡ ይተክዛሉ፣ ትካዜው ያሳምማቸዋል። ወላጆቻቸው ልጆቻቸውን አጥብቀው ስለሚወዱ ማዘናቸውን ሲሰሙ መጥተው ይወስዷቸዋል። ሌሎቹ እንደ ሽኮኮ አጥሩን ዘልለው ጫካ ይገባሉ። ይህን የጻፈችው 29 ዓመት ከሠራች በኋላ ነው። ውድቀትን እንዲህ በቁጥር ማስቀመጥ ቀላል አይደለም፤ እኛ ታማኝነቷን ከምንም በላይ የምናከብርላት እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ቀደምት ሕዝቦች ይህን ታሪክ እንዴት ያዩታል?

እሷ የምትጠቀምበት «ሶቫዥ» («አረመኔ» እንደማለት) የሚለው ቃል የዘመኑ ነው፤ ዛሬ ስድብ ነው፣ አትጠቀሙበት። ፈንጣጣውን ወደዚያ ምድር ያመጡት አውሮፓውያን ናቸው፤ ሚስዮናውያን አስታማሚዎች ቢሆኑም የመጡበት መርከብ በሽታውንም ያመጣ ነበር። ልጅን ከወላጅ ለይቶ በሌላ ባህል የማሳደግ ሐሳብ ኋላ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከባድ ግፍ አድርሷል። የማሪ ቤት ወላጆች ልጃቸውን መውሰድ የሚችሉበት ነበር፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሐሳቡ ግን ዘመድ ስለሆነ ብዙዎች ታሪኳን በሐዘን ጭምር ነው የሚያነቡት፤ ይህን ማንሣት ቅድስናዋን መዳፈር አይደለም።

ገዳሙን ማን ያዝዝ ነበር?

እመ ምኔቷ የምትመረጠው ለሦስት ዓመት ነው፤ ተከታትላ ከሁለት ዘመን በላይ አትቆይም። ማሪ ከ1639 እስከ 1645፣ ከ1651 እስከ 1657፣ ከ1663 እስከ 1669 እመ ምኔት ነበረች። ከቱርና ከፓሪስ የመጡ እህቶች ሥርዓታቸውም ልብሳቸውም ስለሚለያይ ስምምነት አስፈለገ፦ የፓሪሶቹ የቱርን ልብስ ለበሱ፣ የቱሮቹ ደግሞ ልጃገረዶችን የማስተማርን አራተኛ ስእለት ጨመሩ። አባ ጄሮም ላልማን ሕገ ገዳሙን ጻፉት። ጳጳሱ ፍራንሷ ደ ላቫል በ1659 ከመጡ በኋላ ሕጉን ሊለውጡ ሲሞክሩ ማሪ እስከ ታዛዥነት ዳር ድረስ እንደምትቃወም ለጓደኛዋ ጽፋለች። ለሁለቱም በ2014 በአንድ ቀን ቅድስና ታውጆላቸዋል።

ደብዳቤ እንዴት ይላላኩ ነበር?

መርከብ ከጁላይ ጀምሮ ይመጣል፣ ወንዙ ሳይጋገር በመከር ይመለሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ ጥያቄ በጥቂት ሳምንት መመለስ አለበት። ቀን ሥራ ስላለ ማሪ የምትጽፈው ሌሊት ነው። መርከብ ሊሰምጥ ወይም ሊማረክ ስለሚችል ዋናውን ጉዳይ ደግማ ጽፋ በሌላ መርከብ ትልካለች። ብዙ ሺህ ጽፋለች ተብሎ ይገመታል፤ ከ270 በላይ ተርፈዋል። ልጇ ሲያሳትማቸው አነጋገሯን በየቦታው አርሟል፤ ስለዚህ ጥናት የምትሠሩ ሰዎች የታተመውን ቃል ሁሉ የእሷ ብላችሁ አትጥቀሱ።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ምን እየሆነ ነበር?

አፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለቀቁ፤ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ማሪ ኩቤክ ስትገባ ጎንደር ከተቆረቆረች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። አንዱ የኢየሱሳውያን ሚስዮን በተዘጋበት ዘመን ሌላው ተስፋፋ። ልዩነቱን ለማየት አንድ ነገር ይበቃል፦ እዚህ የገጠማቸው ሺህ ዓመት ያለፈው የተጻፈ ሃይማኖትና ቤተ ክህነት ያለው መንግሥት ነበር።

ዛሬ ምን ቀርቷል?

ማሪ ኤፕሪል 30 ቀን 1672 አርፋለች፤ በዓሏም ያው ቀን ነው። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1980 ብፅዕት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ኤፕሪል 3 ቀን 2014 ቅድስት ብለዋታል። እህቶቹ በ2018 አሮጌውን ገዳም ለቅቀው ወጥተዋል፤ ትምህርት ቤቱና ሙዚየሙ ግን አሉ። ሞንትሪያል ላላችሁ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቃብሯ በጸሎት ቤቱ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የኡርሱሊኖቹን የወርቅ ክር ጥልፍ ሳታዩ አትውጡ፤ ቀረብ ብላችሁ ስፌቱን ስታዩ በስንት ብርድ፣ በምን ዓይነት ጣት እንደተሠራ ይገባችኋል።